ወድቆ የሚሳም ሰሃን

መጀመሪያ ያስቸገረኝ አወራወራቸው አልነበረም፤ መሳማቸው ነው። እንደ ሰሃን ክብ የሆነውን፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ብርቱካንማ ፕላስቲክ ወረወርኩላቸው፤ ማንም ሳይቀልበው አቧራው ላይ ተደፋ። ቅርብ የነበረው ልጅ ሮጦ አነሳው። በእጅጌው ጠረገው፣ ሳመው፣ ግንባሩን አስነካው፤ መሬት የወደቀ እንጀራ እንደሚነሳ ማለት ነው። ከዚያ ሜዳውን አቋርጦ እኔ ዘንድ መጣና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

"እዚያው ሆነህ ወርውርልኝ እንጂ! ምን ያመላልስሃል?"

"ሰሃን ይወረወራል እንዴ ቲቸር?" አለኝ። "ደግሞ በእርስዎ ላይ!"

ክፍሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነበር። አርባ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ታዘበኝ።

እኔ ላሊበላ ውስጥ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ትዕግስት አለኝ ብዬ አልዋሽም። ድምፄ ከአጥር ውጭ ይሰማል፤ ወላጆችም ያውቁታል፤ "ዛሬ ደግሞ ተነስቶባታል" እያሉ ያልፋሉ። ልጆቹን ግን እወዳቸዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ነገር የማልወዳቸው ሊያስመስለኝ ስለሚችል ነው።

ሰሃኑን ያመጣችልን አንዲት ፈረንጅ ናት። ያን ጊዜ ፈረንጅ ብርቅ ሆኖብን ነበር። ጦርነቱ መጥቶ፣ ሄዶ፣ ደግሞ በሌላ መልክ ተመልሶ፣ ግማሾቹ ሆቴሎች በራቸውን ዘግተው፣ አስጎብኚዎቹ ባጃጅ መንዳት ጀምረው ነበር። ሴትዮዋ ከአንድ አስጎብኚ ጋር ትምህርት ቤታችን መጣች፣ ከቦርሳዋ ሁለት ሰሃን አወጣች፣ እኔን ሜዳው መሃል አቁማ ግማሽ ቀን አሠለጠነችኝ። አስጎብኚው እያስተረጎመ ይስቅብኛል። እኔ በሕይወቴ ከድንጋይ በቀር የወረወርኩት ነገር የለም፤ እሱም ለውሻ ነው። ግን አንዴ ሲሳካልኝ፣ ያ ነገር ከእጄ ወጥቶ አየር ላይ ተኝቶ ሲሄድ፣ ደስ አለኝ። ኧረ በጣም ነው ደስ ያለኝ! ባለትዳር ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ሜዳ ላይ ዘለልኩ። የእኔ ተማሪዎች ተኩስ ሲሰሙ ዴስክ ሥር መግባት የለመዱ ልጆች ናቸው። በአየር የሚመጣ ነገር ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ ቢያዩ ብዬ አሰብኩ።

ሴትዮዋ ስትሄድ ሁለቱንም ተወችልን። አንዱን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወስደው የውሃ ባልዲያቸው ላይ ገጠሙት። "መጫወቻ ነው እኮ አባባ" ብላቸው፣ "ክዳን ነው እንጂ! እንዲህ ልክክ የሚል መጫወቻ የት አይተሻል?" ብለው ሞገቱኝ። ተሸነፍኩ፤ በአንዱ ቀጠልን።

"አውራ ጣት ከላይ፣ አራቱ ጣት ከሥር! ጎናችሁን ወደ እኔ! ክንዳችሁን ወደ ሆዳችሁ ሰብስቡና ዝንብ እንደምታባርሩ እጃችሁን ፈንጠር አድርጉት!"

መወርወሩን በሳምንት ያዙት። እምቢ ያለው መቅለቡ ነው። ሰሃኑ ሲመጣላቸው መዳፋቸውን ገጥመው ወደ ላይ ይዘረጋሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ከትልቅ ሰው እጅ ነገር ሲቀበሉ እንዲያ ነዋ የተማሩት! ሰሃኑ መዳፋቸውን መትቶ ይነጥራል። "መቀበል አይደለም፣ ማጨብጨብ ነው! አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች፣ ጯ! ደግሞ ቀና በሉ፤ ሰሃኑን እዩት!" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ።

የእኛ አገር ልጅ ግን "ቀና በል" ተብሎ አያድግም። እኔ ራሴ በልጅነቴ እንግዳ ፊት ቀና ብዬ ያየሁ ዕለት እናቴ ጭኔን ቆንጥጣ፣ "ዓይን አውጣ!" ብላኛለች። የቁንጥጫው ምልክት ለሳምንት አልጠፋም። ዓይኑን ሰበር አድርጎ የቆመ ልጅ ነው የሚመረቀው፤ "እደግ፣ ተመንደግ" የሚባለው እሱ ነው።

ከመስቀል በኋላ የጀመርነው ነገር ጥቅምት ሲያልቅ አሁንም መሳም ስለበዛበት ሕግ አወጣሁ። ሰሃኑን የሳመ ተራው ያልፈዋል። "እንጀራ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሁለት ቀን አልፈጀም፤ መሳሙ ቀረ። ኅዳር ላይ በዕረፍት ሰዓት "ቀለብኩት! ቀለብኩት!" የሚለው ጩኸት እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ቆም ብለው ያያሉ። እንዲያው ልቤ ሙሉ ነበር።

አንዷ ልጅ ብቻ አልቻለችም።

አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ባለች ጎጆ ልጆችን ፊደልና ዳዊት የሚያስተምሩ፣ ከተማው "የኔታ" የሚላቸው ሰው። ልጅቷ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጎረቤት ሁሉ የሚሰለቸኝ እሷን ሳወድስ ነበር። ሳናግራት አንድም ቀን ፊቴን አይታ አታውቅም። ዓይኗን ሰብራ፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ፣ "አቤት ቲቸር" ትላለች። መንገድ ላይ ቀድማ አትሄድም፤ ጓደኛዋን ከኋላ ከኋላ ትከተላለች፣ እርምጃዋን እየመጠነች። ሳስነብባት ስሕተት የላትም። አንድ ቀን ጣቷ ከምታነበው መስመር ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ሲሄድ አየሁ። "ይህቺ ልጅ ፈጣን ናት፣ ዓይኗ ከአፏ ይቀድማል" ብዬ ተደሰትኩ። አይ እኔ!

አንደኛ ክፍልን የጨረሰች ዕለት፣ ሰኔ ላይ፣ የጨዋ ልጅ ሽልማት ብዬ ደብተርና እርሳስ ሰጥቻታለሁ። ወላጆች ተሰብስበው ነበር። ፊታቸው አቆምኳትና፣ "ዓይኗን አያችሁት? ከመሬት አይነሳም። ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው" አልኩ። አጨበጨቡ። የኔታም ከኋላ ቆመው ነበር፤ መቋሚያቸውን ደገፍ ብለው ፈገግ ሲሉ አይቻቸዋለሁ።

በሰሃኑ ጨዋታ ግን ያ ጨዋነቷ አናደደኝ። ተራዋ ሲደርስ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ሰሃኑ በጎኗ ያልፋል። መሬት ሲነካ ወደዚያ ትሄዳለች፣ ጎንበስ ብላ ታነሳዋለች፣ ትስመዋለች። ተራዋ ያልፋል። በማግስቱ ያው ነው። ልጆቹ፣ "ቲቸር፣ ሳመችው!" ይላሉ፤ እሷ ምንም አትልም። በመጀመሪያ በለሆሳስ መከርኳት፣ ከዚያ ተቆጣኋት፣ ከዚያ ደግሞ እልህ ያዘኝ። ሌላው ሁሉ ትቶት እሷ ብቻ ስትስም፣ ትእዛዜን የናቀች መሰለኝ። ዝምተኛ ልጅ ስትንቅ ደግሞ ይበልጥ ያበሳጫል።

አንድ ረፋድ አሥር እርምጃ ያህል ፊት ለፊቴ አቆምኳት። "ዛሬ ሳትቀልቢ አትሄጂም። ቀና በይ!" አልኳት። አንገቷን ቀና አላደረገችም። "ቀና በይ አልኩሽ! እዪኝ!"

ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቿን አየኋቸው፤ ትልልቅ፣ የሚያምሩ ዓይኖች ናቸው። እኔን አልያዙኝም። ከጆሮዬ አልፈው ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ያዩ ይመስላሉ። ይህንንም አይቼ አልገባኝም፤ "አሁንም ታፍራለች" ነው ያልኩት። ሰሃኑን ቀስ አድርጌ፣ በቀጥታ ወደ ፊቷ ላክሁት።

ግንባሯን መታት። ከመምታቱ በፊት ዓይኗ አልተርገበገበም። የገደለኝ እሱ ነው። ጨቅላ ሕፃን እንኳ ነገር ወደ ፊቱ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። እሷ ዓይኗን እንደከፈተች ተመታች።

"ይቅርታ ቲቸር" አለች። ተመትታ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። ተንበረከከች፣ በእጇ አቧራውን ዳበሰች፣ ሰሃኑን አገኘችው፣ ጠረገችው፣ ሳመችው። ከዚያ በድምፄ አቅጣጫ መጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ትንሽ ወደ ግራዬ ነው የዘረጋችው።

ሁለት ጣት አወጣሁ። "ስንት ነው?"

"እርስዎ እንዳሉት ነው ቲቸር።"

"ሰሃኑ ሲመጣ አይታይሽም እንዴ?"

"ሲወድቅ እሰማዋለሁ።"

"ሌሎቹስ? እንዴት የሚቀልቡት ይመስልሻል?"

ትንሽ አሰበች። "እነሱ ደፋር ናቸው" አለች።

ልጆቹን ወደ ክፍል አስገብቼ ከግድግዳው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ማልቀስ ምን ያደርጋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ከትምህርት በኋላ የኔታ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ስነግራቸው አላመኑኝም። "ልጄ ዓይኗ ደህና ነው መምህርት። ዳዊቱን ፊደል ሳታዛንፍ ታነበዋለች" አሉ።

"በቃሏ ነው የኔታ። እኔንም እንዲሁ ነው የሸወደ..." ብዬ ጀመርኩና ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ምን ሸወደችኝ? የሸወድኳት እኔ ነኝ።

የኔታ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡና ገልጠው ሰጧት። ዘቅዝቀው ነው የሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ተሳለመችው፣ ጣቷን ገጹ ላይ አኖረች፣ እንደ ምንጭ ውሃ አወረደችው። አንድ ፊደል አልሳተችም። መጽሐፉ ግን እስከ መጨረሻው እንደተዘቀዘቀ ነበር። የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ። እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር። "እኔ ድንጋይዋ!" ብላ ደረቷን መታች። "ውሃ በደፋች ቁጥር ስመታት የኖርኩት!"

ልጅቷ ማንበቧን አቁማ፣ "ምን አጠፋሁ አባባ?" አለች።

በማግስቱ ደሴ ሐኪም ቤት ልንወስዳት ተነሳን፤ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። እንዲያ ያለው ነገር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ይከፈታል እየተባለ ሳምንቱ ሳምንት ይወልዳል። የኔታ ማለዳ ማለዳ ጸበል ይወስዷታል፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ውሃው ዓይኗ ላይ ሲፈስ ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች፣ አታለቅስም። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ፣ ያቺን የሰኔን ቀን መልስልኝ እያልኩ እጸልያለሁ። ለእሷ ዓይን መለመን ሲገባኝ ያኔ የተናገርኩት ቃል እንዲመለስልኝ ስለምን ራሴን ያዝኩት።

መንገዱ የተከፈተው ከጥምቀት በኋላ ነው። ፈቃድ ጠይቄ አብሬ ሄድኩ። በጋሸና በኩል ወርደን፣ ወልድያ አድረን፣ ደሴ ደረስን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። "አብሽሪ እናቴ፣ አያምሽም" እያለች አገጯን ቀስ አድርጋ ቀና አደረገቻት፤ በመብራት ዓይኗን አየች፣ ደግማ አየች፣ ረጅም ጊዜ አየች። የዓይን ግፊት ነው አለችን። ነርቩን ቀስ በቀስ እየጎዳ የሚሄድ፣ የማያሳምም በሽታ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት ቀዶ ሕክምና እንሞክራለን አለች።

"ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮስ?" ብዬ ጠየቅኋት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ምናልባት ልዩነት የለውም እንድትለኝ ፈልጌ ይሆናል።

"ከአንድ ዓመት በፊት ብትሆን..." አለችና የኔታን አይታ ተወችው።

አንድ ዓመት። አንደኛ ክፍል ነበረች። ደብተርና እርሳስ ከመሸለሟ በፊት ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ልጅቷ አንድ ዓይኗ ታሽጎ በመሃላችን ተኝታለች። ለየኔታ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጣቷን እንዳየሁ፣ እርምጃዋን እንዳየሁ፣ አይቼ እንዳሞገስኩ። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። የኔታ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አጥብቀው ያዙ።

"አንቺ ሁለት ዓመት ነው" አሉ። "እኔ ስምንት ዓመት ዓይኗን ሰብራ ስትቆም መርቄያታለሁ። በየቀኑ።"

ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ወራት ሰጠን። አንደኛው ዓይን ቀድሞውኑ አልቆለት ነበር፤ ሁለተኛው እስከ ክረምት ቆየ፣ ጠብታውም ጸበሉም ሳይጎድልበት። በሐምሌ ጭጋግ፣ እናቷ እንደነገረችኝ፣ "እማዬ፣ ዛሬ ጭጋጉ ቤት ገብቷል" አለች። ከዚያ ወዲህ ጭጋጉ አልወጣም።

በትምህርት ቤት ጭራሽ አመሰገኑኝ። "ባንቺ ሰሃን እኮ ነው የታወቀው" ይላሉ ጓደኞቼ። ይህን ሲሉኝ የምገባበት ይጠፋኛል፤ አንድ ሁለቴም ጮኼባቸዋለሁ። አሁን በየመስከረሙ አዲስ ልጆች ሲመጡ አንድ በአንድ አገጫቸውን ቀና አድርጌ ዓይናቸውን አያለሁ፣ ከሩቅ ጣት አስቆጥራቸዋለሁ። አንዲት እናት መጥታ፣ "ልጄን ዓይን አውጣ አደረግሽብኝ" ብላ ከሰሰችኝ። "ይሁን፣ ያውጣ!" አልኳት። የገባት አይመስለኝም፤ እኔም ማስረዳቱን አልቻልኩበትም።

ዓይኗ የጠፋበት ክረምት እንዳለፈ፣ መስከረም ላይ፣ የኔታ ልጃቸውን ይዘው ሊሰናበቱኝ መጡ። ሩቅ አገር ያለ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ ተገኝቶላታል፤ መኪናቸው ከሰዓት በኋላ ይነሳል። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ትንሽ በትር ይዛለች፤ የአባቷን መቋሚያ አሳጥረው የሠሩላት ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ ሜዳው ባዶ ነው።

"ቲቸር፣ ሰሃኑ አለ?" አለችኝ።

አምጥቼ ሰጠኋት። ጠርዙን በጣቷ ዙሪያውን ዳበሰችው፤ አንድ ቦታ ድንጋይ መትቶት ተሸርፏል፣ እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ። በትሩን ለአባቷ ሰጠችና አውራ ጣቷን ከላይ፣ አራቱን ጣቶቿን ከሥር አደረገች። ጎኗን ወደ እኔ አዞረች። አንድም ቀን በወጉ ተራ ያላገኘች ልጅ ሁሉንም ይዛዋለች፤ ለሌሎቹ ስጮህ ሰምታ ነው የተማረችው።

"የት ነዎት?" አለች።

"እዚህ ነኝ።"

ወረወረችው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ እንደዚያ ያማረ ውርወራ አላየሁም። ምንም ሳያዘነብል፣ ቀስ ብሎ፣ በቀጥታ ወደ ደረቴ መጣ። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበርና እጄን ሳጨበጭብ አየር ነው የያዝኩት። ሰሃኑ ጎኔን ታክኮ ከኋላዬ አቧራው ላይ አረፈ።

"ቀለቡት ቲቸር?"

የኔታ አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

"ቀለብኩት!" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ልጅቷ ፈገግ አለች። አንገቷን ደፋ አደረገች፣ እንደ ድሮዋ፤ እኔን ላለማሳፈር ይመስለኛል።

"መሬት ሲነካ ሰማሁት እኮ" አለች ቀስ ብላ። "ይሳሙት ቲቸር።"

ዞሬ አነሳሁት። በነጠላዬ ጠረግኩት፣ ሳምኩት፣ ግንባሬን አስነካሁት። ከንፈሬ ላይ አቧራ ቀረ።

"ሳሙት?" አለች።

"ሳምኩት" አልኳት።